ከእሳት ፊት የሚበር ወፍ

ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚያስፈራው ሰው ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስማር አስተማሪያችን ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት ከብዶኝ እጄን ብቻ አነሳ ነበር። የመንደሩ ልጆች «ዱዳዋ» ይሉኛል። ትልልቆቹ ደግሞ «ሰዓዳን የሚያገባ ታድሏል፤ እድሜ ልኩን ጭቅጭቅ አይሰማም» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ድምፅ ሳላወጣ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አፌን ስለከፈትኩበት ቀን ነው።

መንደራችን ከጋምቤላ ከተማ ወደ አቦቦ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ከድርቁ በኋላ በሰፈራ ከወሎ የመጣን ሰዎች ነን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። እኔ የመጣሁት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ስለሆነ ወሎን የማውቀው በወሬ ብቻ ነው። አባቴ እዚህ ከገባን ብዙም ሳይቆይ በወባ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እኔና እማ ብቻ ነበርን። ትምህርቱንም ያቆምኩት ለዚህ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ለመማር አቦቦ መሄድ ነበረብኝ፣ እማን ብቻዋን ጥዬ የት እሄዳለሁ?

ይህ ታሪክ የሆነው ክልሉ ገና ራሱን ችሎ በቆመበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። «ክልሉ የአገሬው ነው ተብሏል፤ እኛን ጭነው ወደመጣንበት ሊመልሱን ነው» የሚል አለ። «ወዴት? ማን የያዘልን ቤት አለ?» የሚል አለ። በምዕራብ በኩል ካለው ወንዝ ማዶ የሚኖሩት የአገሬው ሰዎች፣ አኙዋኮችም ቢሆኑ እንደ ድሮው መንገድ ላይ ቆመው አያወሩንም ነበር። እነሱ እኛን ይጠረጥራሉ፣ እኛም እነሱን እንጠረጥራለን።

ይህን ጥርጣሬ ከቁም ነገር የማይቆጥር አንድ ሰው ነበር፤ ኦቻን ይባላል። ከማዶ ዓሣ እያመጣ በማሽላ የሚለውጥ፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ረጅም ሰው ነው። በሱ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው። ሴቶቹ «ኦቻን፣ እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?» እያሉ ሲስቁበት «በኛ ቋንቋ ሰው ሰው ነው። እናንተ ለምን ለሁለት ትከፍላላችሁ?» ይላቸዋል። እሱም ይስቃል።

ማሽላው ፍሬ ሲይዝ እኔ ወፍ ጠባቂ ነኝ። ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ወፍ ሳባርር እውላለሁ። ሌሎች ልጃገረዶች ማማ ይሰለቻቸዋል፤ እኔ ግን ከጧት እስከ ማታ ማንም የማያናግረኝ ቦታ ስለሆነ እወደው ነበር።

አንድ ቀን ማማው አጠገብ ካለ ጉቶ ላይ አንድ ወፍ ተቀምጦ አየሁ። መካከለኛ፣ ግራጫ ነገር፣ ምንቃሩ የተቆለመመ ነው። «ጭላት ነው፤ የጫጩት ሌባ» ብዬ ወንጭፌን አዞርኩ። ልለቀው ስል ከታች ድምፅ መጣ።

«ሳዳ! ተው! እሱ አትምታ!»

ሰዓዳ ማለት ስለማይሆንለት ሳዳ የሚለኝ ኦቻን ነው፤ ዓሣውን በእንጨት ሰክቶ በትከሻው ይዞ በመተላለፊያው ያልፍ ነበር። ወንጭፌን አወረድኩ።

«እሱ ማሽላ ይበላል?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጫጩት ሲወስድ በዓይንህ አየህ?»

አሁንም የለም እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«ታዲያ ምን አደረገህ?» ብሎ ሣቀ። «ቁጭ በል፣ እይ።»

አብረን አየን። ወፉ ብዙ ቆየ። እንደ ጭላት ሰማይ ላይ አይዞርም፤ ጉቶው ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። ድንገት ክንፉን ዘረጋና ዝቅ ብሎ ወረደ። በዚያን ጊዜ ነው ክንፉን ያየሁት። ሲቀመጥ ግራጫ የነበረው ወፍ ሲበር ክንፉ እንደ ዛገ ብረት ቀይ ሆነ። ተመልሶ ጉቶው ላይ ሲያርፍ በእግሩ የያዘው ፌንጣ ነበር።

«ይሄ ነው ሥራው» አለ ኦቻን። «ዝናብ ሲያቆም፣ ሣር ሲደርቅ ይመጣል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ወደዚያ ይሄዳል» ብሎ ወደ ሰሜን አመለከተ። «ፌንጣ ይወዳል። እሳት ደግሞ በጣም ይወዳል። ሣር ሲቃጠል ፌንጣ ይሸሻል፤ እሱ ከእሳት ፊት ፊት እየሄደ ይለቅማል። እሳት ካለ እሱ አለ። ከኋላ አይሄድም፣ ሁልጊዜ ከፊት ነው።»

በአኙዋክኛ ስሙንም ነግሮኝ ነበር፤ ዛሬ ልጽፈው ብሞክር አበላሸዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀዩን ክንፍ ካየሁ ወንጭፌን አስቀምጣለሁ።

ለእማ ግን አልነገርኳትም። እማ ስለ ትልልቅ ወፎች ምንም መስማት አትፈልግም። ምንቃሩ የተቆለመመ ማንኛውም ወፍ ዛፋችን ላይ ካረፈ ሥራዋን ጥላ ትነሳለች፤ ድንጋይ ትወረውራለች፣ ቆርቆሮ ትደበድባለች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች። ለዶሮ ተጨንቃ እንዳልል፣ ዶሮ ባልነበረን ጊዜም እንዲሁ ነበረች። የመንደሩ ትልልቅ ሰዎችም ቢሆኑ አሞራ ሲሰበሰብ ካዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ደግ አይደለም» ብለው ዝም ነው። እነሱ ድርቁን አይተውታል፤ እኔ ግን ሕፃን ነበርኩ። እማን ብጠይቃት «ተይኝ» ነበር መልሷ።

ያ ቀን የሆነው በታኅሣሥ ነው። ማሽላው አብዛኛው ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ የኛ ዘግይቶ ስለበሰለ እኔ አሁንም ማማ ላይ ነኝ። ጧት ከወረዳ ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው ስብሰባ ጠሩ። ስለ አዲሱ ክልል ሊያስረዱ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ስለሚፈራ ሰው ሁሉ ሄደ፤ የትምህርት ቤቱ ትልቁ ክፍል ሞላ። እማ «ራሴን አሞኛል» ብላ ቀረች።

ቤታችን ከመንደሩ በምሥራቅ ጫፍ ያለው ነው። ከጓሮው አንድ የደረቀ ዛፍ አለ። ማማ ላይ ሆኜ ስመለከት ዛፉ ላይ ወፎች አርፈዋል። ለካ በዚያ ሰሞን ሣሩ ውስጥ ፌንጣ በዝቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእማ ቆርቆሮ ሲደበደብ ተሰማኝ። ወፎቹ ተነሡ፣ ዞሩና ተመልሰው አረፉ። ቆርቆሮው እንደገና ተደበደበ። እነሱ ግን እየበዙ መጡ። ከዚያ ቆርቆሮው ጸጥ አለ።

ጥቂት ቆይቶ ቀጭን ጭስ ተነሣ። እማ ምሳ ልትሠራ እሳት ያያያዘች መሰለኝ። ወፎቹ ዛፉን ለቀው ዝቅ አሉ፤ ከጭሱ ፊት ከሣሩ በላይ እየተንሳፈፉ ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ። ክንፋቸው ሁሉ ቀይ ነው። ከየት እንደሚመጡ የማላውቃቸው ሌሎች ከሰማይ ይጨመሩባቸዋል። «ጋሼ ኦቻን ያለኝ ይሄ ነው» ብዬ ቆሜ ሳይ፣ የወፎቹ ሰልፍ ወደ ምዕራብ ተንቀሳቀሰ። ከሰልፉ ኋላ እሳቱን አየሁት።

ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከደጋው በኩል ይነፍስ ነበር። እሳቱ ከጓሯችን ተነሥቶ ማማዬን በጎን አልፎ ወደ አውድማው ሄደ። ዘልዬ ወርጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። ስደርስ አንዱ የወረዳ ሰው እየተናገረ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። እጄን ዘርግቼ ወደ ውጭ አመለከትኩ። «ምን ሆነች ዱዳዋ?» አለ አንድ ሰው። ከዚያ ጭሱ በመስኮቱ ገባ፤ ጩኸት ሆነ።

ወንዶቹ እርጥብ ቅጠል እየቆረጡ እሳቱን መደብደብ ያዙ፤ ሴቶች በጄሪካን ውኃ ያመላልሳሉ። ሁለቱ የወረዳ ሰዎች «ርዳታና ፖሊስ ይዘን እንመጣለን» ብለው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። እኛ ግን እሳቱን አልቀደምነውም። በምዕራብ ጫፍ የሚኖረው ክርስቲያኑ ገበሬ፣ የደምሴ ክምር ነደደ፤ ከክምሩ ወደ ቤቱ ዘለለ። ደምሴ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እንደቆመ ጣሪያው ተደረመሰ። እሳቱ የቆመው ወንዙ ዳር ሲደርስ ነው።

ጭሱ ሲገለጥ ከወንዙ በኩል አንድ ሰው ብቅ አለ። በአንድ እጁ ጦር፣ በሌላው የከሰለ ቅጠል ይዟል፤ ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ኦቻን ነበር።

«ይሄው!» አለ ደምሴ። «ይሄው አቃጣያችን!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ይከብደኛል። ኦቻን ወደቀ፤ ተነሣ፤ እጁ የኋሊት ታሠረ። መንደሩ መሃል ያለው ማንጎ ሥር አመጡት። ሰው ሁሉ ከበበ። አኙዋኮች በደረቅ ወራት ለአደን ሣር እንደሚያቃጥሉ የማያውቅ ሰው መንደራችን ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረም።

ሸህ ይመር የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። «ፖሊስ እስኪመጣ ይቆይ» አሉ።

«ምን ይቆያል?» አለ ደምሴ። መጥረቢያ ይዟል፤ ክምሩን ለማዳን ያነሣው መጥረቢያ ነው። «ፖሊስ ወስዶ ለወንድሞቹ ያስረክበዋል። ነገ ደግሞ የዚህን ቤት ያቃጥላል፣ ከነገ ወዲያ የዚያን። እኛን ከዚህ ለማስወጣት ነው፤ አልገባችሁም? አንድ ጊዜ ሁሉን ጥለን መጥተናል። አሁን ወዴት እንሂድ?»

«ደምሴ» አለ ኦቻን፤ ከከንፈሩ ደም ይወርዳል። «እኔ እሳት አጠፋ ነበር። ሊያቃጥል የመጣ ሰው ቅጠል ይይዛል?»

«ጦሩስ?»

«ጦር ሁልጊዜ እይዛለሁ። አንተ ዱላ ትይዝ የለም እንዴ?»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ዋጠው።

የመንደሩ ታጣቂ አስናቀ ይባላል፤ ጠመንጃውን እንደያዘ ላብ ያጠምቀዋል። «ደምሴ፣ ይሄ ሰው አንድ ነገር ከሆነ ማዶ ያሉት ዛሬውኑ ይመጣሉ። እዚህ ያለው ጠመንጃ ይቺ አንዷ ናት። ልጆች አሉን።»

«ይምጡ! ምን የቀረኝ ነገር አለ?» አለ ደምሴ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አነሣና መሃል ላይ ወረወረ። በእሳቱ መሃል በድንጋይ የገደለው ወፍ ነበር። «አሞራዎቹን ከጧት ጀምሮ አይተናል። ሬሳ ሸቷቸው ነው የተሰበሰቡት! ሬሳ ሳይኖር አሞራ ይሰበሰባል? እናንተ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ሰው ሊሞትብን ነበር።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ።

«እሱ ሬሳ አይበላም» አለ ኦቻን። «ሆዱ ክፈቱ፣ እዩ።»

ማንም ወፉን ሊነካ አልፈለገም። ደምሴ መጥረቢያውን በሌላው እጁ ያዘ።

እኔ በዚያን ጊዜ እማን ፈለግኋት። ከሴቶቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋ ጫፍ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለውን በጭብጧ ይዛ ደብቃዋለች። ቅንድቧ ተለብልቧል። ዓይኗን ከወፉ ላይ አላነሣችም።

ቆርቆሮው ለምን ጸጥ እንዳለ ያኔ ገባኝ። ቀጭኑ ጭስም ከምድጃ እንዳልነበር ገባኝ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ዝም ብል ያ ሰው ይሞታል፤ ምናልባት ከሱ በኋላ የመንደሩም ሰው። ብናገር እናቴን ነው የምሰጠው፤ ያለችኝን አንዲት ሰው፣ መጥረቢያ ለያዘ ሰው። ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም። እኔን ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዝም ማለት ለኔ የሁልጊዜ ሥራዬ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረኝም።

ኦቻን አየኝ። «ሳዳ፣ ተናገር» አላለኝም። አየኝና ፊቱን መለሰ። እንዳያስጨንቀኝ ይመስለኛል። እግሬ የተነሣው ያኔ ነው።

ወደ መሃል ገባሁ። ለሸህ ይመር እጄን ዘረጋሁ፤ ወገባቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ቢላ አየሁ። ምን እንደፈለግሁ ገብቷቸው ሰጡኝ። ተንበርክኬ ወፉን ገለበጥኩትና አንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ቀደድኩ። የወጣውን ነፋስ ያመጣው አመድ ላይ ዘረገፍኩት።

«ፌንጣ ነው» አልኩ።

ድምፄን ሰው ሲሰማው ምን እንደሚመስል እኔም አላውቅም ነበር፤ ቀጭን ነበር። «ዱዳዋ ተናገረች» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሽማግሌዎቹ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉ። ፌንጣ ነው፤ እግራቸው ያልተቆረጠ፣ ክንፋቸው ያልጠወለገ ሙሉ ሙሉ ፌንጣዎች፣ አንዲትም እንሽላሊት። የሬሳ ሥጋ የሚባል የለም።

«ፌንጣም ይብላ ጤፍም ይብላ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ ደምሴ። «እሳቱን የለኮሰው ማነው?»

«ይሄ ወፍ...» አልኩና ትንፋሽ አጠረኝ። ሸህ ይመር «ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ። ቀጠልኩ፤ «ይሄ ወፍ ከእሳት ፊት ፊት ነው የሚሄደው። ከኋላ አይሄድም። እኔ ማማ ላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ከምሥራቅ ጀምረው ወደዚህ ነው የመጡት። ወንዙ ጋ የደረሱት መጨረሻ ላይ ነው። ጋሼ ኦቻን በወንዙ በኩል ነው የመጣው። እሱ ሲመጣ እሳቱ ደርሶ ነበር።»

ነፋሱ አሁንም ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሁሉም ፊታቸው ላይ ይሰማቸዋል።

«መጀመሪያ ያየሻቸው የት ላይ ነው?» አሉኝ ሸህ ይመር።

«ደረቁ ዛፍ ላይ።»

«የማን ደረቅ ዛፍ?»

«የኛ።»

«ቤታችሁ ማን ነበር ልጄ?»

ቢላዋን እንደያዝኩ አንገቴን ደፋሁ።

«አታስጨንቋት» አለች እማ። ተነሥታለች። «እኔ ነኝ።»

ነጠላዋን ከጭብጧ ለቀቀችው። ሁሉም የተቃጠለውን አዩት።

«ቆርቆሮ ብደበድብ አልሄድ አሉኝ» አለች። «ዛፉን ሞሉት። በጭስ ይሄዳሉ ብዬ ሣር ለኮስኩ። ጭሱ ሲነሣ ባሱ። ባጨስኩ ቁጥር ይመጣሉ። ከየት ነው የሚመጡት? ጭሱን ጨመርኩ፣ እነሱም ጨመሩ። ነፋሱ ሲወስደው በነጠላዬ ደበደብኩት፤ አልጠፋልኝም።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?» አለ ደምሴ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ይሄን ሰው ልገድለው ነበርኮ!»

«ፈራሁ፣ ደምሴ። መጀመሪያ እናንተን ፈራሁ። ይሄ ሰው ሲታሠር ደግሞ አላህን ፈራሁ። እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እናንተ ታውቃላችሁ። በድርቁ ጊዜ መጠለያው ሜዳ ላይ ነበርኩ። ልጄ ጧት ሞተብኝ። ሰው ሁሉ ደክሞ፣ አባቱም አቅም አጥቶ ተኝቶ፣ የሚቆፍር ጠፋ። ይቺን አዝዬ፣ እሱን በነጠላ ሸፍኜ፣ አሞራ ስከላከል ዋልኩ። አመሻሽ ላይ መኪና መጣና 'ተሳፈሩ' አሉን። ሳልቀብረው ሄድኩ። መኪናው ላይ ሆኜ ዞሬ ሳይ ዛፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዛሬም እነዚያ መሰሉኝ። ይቺን ሊወስዱብኝ የመጡ መሰሉኝ።»

ደምሴ መጥረቢያውን እንደያዘ ቁጭ አለ፤ ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠው። የሱም አባት በዚያው ስደት መንገድ ላይ ሞተው እንደቀሩ በኋላ ሰማሁ። አስናቀ ሄዶ የኦቻንን ገመድ ፈታ።

ኦቻን የእጁን አንጓ አሸ። ይሳደባል፣ ወይም ጦሩን አንሥቶ ይሄዳል ብለን ጠበቅን። እሱ ግን ወደ እማ ሄደና ፊቷ ቆመ።

«ልጅህ ስሙ ማነው?» አላት።

እማ ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ብዙ ተንቀሳቀሰ።

«ኢብራሂም» አለች።

ወንድም እንደነበረኝ ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው።

«ኢብራሂም» አለ ኦቻን፤ እንዳይረሳው ይመስል ደገመው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሞተውን ወፍ አነሣና ክንፉን በሁለት እጁ ዘረጋላት። «እይ። ይሄ ኢብራሂምን አያውቅም። የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። ይሄ ፌንጣ ነው የሚያውቀው።»

እማ ቀዩን ክንፍ አየችው። እጇን ልትዘረጋ ጀምራ መለሰች። ከዚያ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ። የዚያ ቀን ልቅሶ የእሳቱ እንዳልነበር አሁን እረዳለሁ። ሁሉም ጥለው የመጡት ሰው ነበራቸው፤ ተቀምጠው አልቅሰው አያውቁም ነበር።

ፖሊሶቹ ሲመጡ ሸህ ይመር «እሳቱ በስሕተት የተነሣ ነው፤ በሽምግልና ይዘነዋል» አሏቸው። ኦቻንን «አንተስ ክስ አለህ?» ሲሉት «ክስ የለኝም፤ ከንፈር አመመኝ ብቻ» አለ። በማግሥቱ የማዶ ሽማግሌዎች መጡ፤ ከሸህ ይመር ጋር ማንጎው ሥር ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። የደምሴን ቤት በደቦ ሠራንለት። የኛ ሣር ስለተቃጠለ የጣሪያው ሣር ከማዶ መጣ። እማ ከኛ ማሽላ የሚገባውን ያህል ለደምሴ ላከችለት፤ የመንደሩም ሰው ጨመረበት። ደምሴ ለረጅም ጊዜ እማን ቀና ብሎ አያያትም ነበር፤ ጥላቻ አይመስለኝም።

አሁን የምኖረው ጋምቤላ ከተማ ነው፤ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ጊዜ በዱር እንስሳት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ስለ ወፉ ጠየቅሁት። ነገሬን በትዕግሥት ሰምቶ በሌላ ቀን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዞልኝ መጣና አሳየኝ። አንበጣ በል ጭልፊት ይባላል አለኝ። ዝናብ ሲመጣ ወደ ሰሜን ወደ በረሃው ዳር ሄዶ ጫጩት ይፈለፍላል፤ ሣሩ ሲደርቅ ወደኛ ይመለሳል። ኦቻን ያለኝም ይህንኑ ነበር። ስሙን በማወቄ ደስ አለኝ፤ ስም ያለው ነገር እንደ ድሮው አያስፈራም።

አሁንም ዓይን አፋር ነኝ። ደንበኛ ሲያዋርደኝ እንኳ መልስ የሚመጣልኝ ከሄደ በኋላ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ያላደረገውን አደረገ ሲባል ስሰማ፣ አፌ ራሱ ይከፈታል። እናንተም እንደኔ ድምፃችሁ ቀጭን ከሆነ ልንገራችሁ፤ በዚያ ቀን ማንም ወፍራም ድምፅ አልጠየቀኝም። ያየሁትን ብቻ ነበር የፈለጉት። ስለ ወፎችም አንድ ነገር ልበል፤ እማን ለስንት ዓመት ያስፈራት አንድ ወፍ ላይ የሌላውን ወፍ ሥራ ማየቷ ነበር። ደምሴም ኦቻን ላይ ያየው የሌላ ነገር ፍርሃት ነው። ሰው ቀረብ ብሎ ምን እንደሚበላ ሳያይ ከሩቅ ይፈርዳል።

የመጨረሻውን ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። የደምሴ ቤት ካለቀ በኋላ እማ ለኢብራሂም ሰደቃ አወጣለሁ አለች። ሳይቀበር፣ ዱአ ሳይደረግለት የቀረ ልጅ ነው። ግን አንድ ነገር አስጨነቃት፤ በግ ብታርድ የሙስሊም ሥጋ ስለሆነ ደምሴና የክርስቲያን ጎረቤቶቿ አይበሉም። ያለ ደምሴ ደግሞ ሰደቃው አልሆን አላት። ኦቻን ይህን ሲሰማ «ዓሣ የማን ነው?» አለ። «ሙስሊም ነው? ክርስቲያን ነው?»

በሰደቃው ቀን ጧት ከማዶ ትልልቅ ዓሣ በእንጨት ተሸክመው መጡ። እማ ከማሽላ እንጀራ ጋር አቀረበችው። ሸህ ይመር መሃል ተቀመጡ፤ በቀኛቸው ደምሴ፣ በግራቸው ኦቻን። እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ፤ የኢብራሂምንም ስም ጠሩ። ሙስሊሞቹ «አሚን» አሉ፣ ደምሴ «አሜን» አለ፣ ኦቻን ሁለቱንም ሰምቶ የትኛውን እንደሚል ሳይወስን በመሃል ያለውን አለ። ባለ ቀይ ክንፎቹ ወፎች ከተቃጠለው ሜዳ ማዶ ይበሩ ነበር። እማ አየቻቸው፤ አልተነሣችም።

እኔም «አሚን» አልኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮክ ብዬ።